ባለጥልቅ ኪል የሸራ ጀልባ ጥልቀት በሌለው ቦይ፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

አውሮፓ ውስጥ አሮጌ የሸራ ጀልባ የገዙ የጎንደር ልጆች፣ እንዲሁም ጎርጎራ ላይ ጀልባ የማንሳፈፍ ሐሳብ ያላቸው ሰዎች ደጋግመው የሚያነሷቸው ጥያቄዎች እነዚህ ናቸው።

ኪል ምንድን ነው? ለምንስ ያን ያህል ወደ ታች ይወርዳል?

ኪል ከጀልባዋ ሆድ ሥር ወደ ውኃው የሚወርድ፣ ብዙ ጊዜ ከብረት ወይም ከእርሳስ የሚሠራ ከባድ ክንፍ ነው። ሁለት ሥራ አለው። ነፋስ ሸራውን ከጎን ሲገፋው ጀልባዋ ወደ ጎን እንዳትንሸራተት ውኃውን ተደግፎ ይይዛታል፤ ስታጋድል ደግሞ ክብደቱ ከታች ስለሆነ መልሶ ያቃናታል። ከጠቅላላ ክብደታቸው ሲሶውን ኪሉ ላይ የተሸከሙ ጀልባዎች ብዙ ናቸው።

ከ10 እስከ 12 ሜትር የምትረዝም የተለመደች የባሕር ሸራ ጀልባ ከውኃው ወለል በታች ከ1.50 እስከ 2.10 ሜትር ትወርዳለች። ይህን ልክ ከዚህ በኋላ «የታች ቁመት» እለዋለሁ፤ ከውኃው ወለል እስከ ላይኛው ጫፍ ያለውን ደግሞ «የላይ ቁመት»። ቦይ ውስጥ ለመግባት የሚያስብ ሰው ስለ ሸራው፣ ስለ ሞተሩና ስለ አልጋው ብዛት ከመጠየቁ በፊት እነዚህን ሁለት ቁጥሮች ማወቅ አለበት።

ቦዮቹ ጥልቀታቸው ስንት ነው?

እንደየአገሩና እንደየዘመኑ ይለያያል። ፈረንሳይ ውስጥ ብዙዎቹ የጭነት ቦዮች የተስተካከሉት በ1879 እ.ኤ.አ. በወጣው፣ በሚኒስትሩ በፍሬሲኔ ስም በሚጠራው ልክ ነው፤ ውኃው 2.20 ሜትር ይጠልቃል፣ ለጀልባ የሚፈቀደው የታች ቁመት 1.80 ሜትር ነው። በ1681 እ.ኤ.አ. የተከፈተው ካናል ዱ ሚዲ ግን ከዚያ ያነሰ ነው፤ የታች ቁመቷ 1.40 ሜትር ገደማ የሆነች ጀልባ እንኳ እዚያ በጥንቃቄ ነው የምትሄደው።

በሌላ በኩል የስዊድኑ ዮታ ካናል እስከ 2.82 ሜትር፣ የስኮትላንዱ ካሌዶኒያን ካናል ደግሞ እስከ 4 ሜትር ገደማ የሚወርድ ጀልባ ይቀበላሉ። እዚያ ጭንቀት የለም። ጭንቀቱ ያለው ከሰሜን ባሕር ወይም ከእንግሊዝ ወገን ተነሥቶ፣ ስፔንንና ፖርቱጋልን መዞር ሳያስፈልገው በፈረንሳይ መሐል አቋርጦ ሜዲትራንያን ለመግባት በሚያስብ ሰው ላይ ነው። ሴን፣ ሶንና ሮን ትልልቅ መርከቦች የሚሄዱባቸው ጥልቅ ወንዞች ናቸው፤ እነሱን የሚያገናኙት ቦዮች ግን ጥልቀት የላቸውም። ለምሳሌ ሻምፓኝንና ቡርጎኝን የሚያገናኘው ቦይ 224 ኪሎ ሜትር ይረዝማል፣ 114 ሎኮች፣ ማለትም ጀልባን ከፍና ዝቅ የሚያደርጉ ባለበር ገንዳዎች፣ አሉት። ኪሉ የሚፈተነው በዚህ መካከለኛው ክፍል ነው።

ሎክ የሚባለው ምንድን ነው? ለባለኪል ጀልባ ያስቸግራል?

የፋሲል መዋኛ ለጥምቀት ከቀሃ ወንዝ በተቀደደው ቦይ ቀስ እያለ ሲሞላ ያየ ጎንደሬ አሠራሩ አይከብደውም። ሎክ በሁለቱም ጫፍ በር ያለው የድንጋይ ወይም የኮንክሪት ገንዳ ነው። ጀልባዋ በታችኛው በር ትገባለች፣ በሩ ይዘጋል፣ ከላይ ውኃ ይለቀቃል፣ እሷም ከውኃው ጋር ትነሣለች፤ ከዚያ የላይኛው በር ይከፈትና ትወጣለች። ስትወርድ ነገሩ ይገለበጣል። የፍሬሲኔ ሎክ 39 ሜትር ገደማ ይረዝማል፣ 5.20 ሜትር ይሰፋል፤ ስለዚህ ስፋቱ ለሸራ ጀልባ አይጠብም።

የሚያሰጋው ደፉ ነው። ከላይኛው በር ሥር ወደ ገንዳው ብቅ ያለ የድንጋይ ደፍ አለ፤ ሎኩ ሲሞላ አይታይም። እየወረዱ ሳለ የጀልባዋ የኋላ ክፍል እላዩ ላይ ከሆነ፣ ውኃው ሲጎድል መሪው ወይም ኪሉ ደፉ ላይ ይቀራል፣ የፊቱ ይወርዳል። ግድግዳው ላይ የተቀባውን ምልክት አልፈው፣ ወደፊት ተጠግተው ያቁሟት። ገመዱን ደግሞ ጠምጥመው አይቋጩት፤ አንድ ሰው በእጁ ይዞ ይልቀቀው።

ደቀሉን ማውረድ ግድ ነው?

ደቀል ሸራው የሚሰቀልበት ረጅም ምሰሶ ነው። በፈረንሳይ ቦዮች አዎ፣ ግድ ነው። በፍሬሲኔ ልክ በተሠሩት ላይ ድልድዮቹ ከውኃው 3.50 ሜትር ገደማ ከፍ ይላሉ፤ ካናል ዱ ሚዲ ላይ ደግሞ ድልድዩ ቅስት ስለሆነ መሐሉ ላይ የሚያልፈው ጫፉ ላይ አያልፍም። ከሰሜን የሚመጡ ሰዎች «ለ ሃቭር» በሚባለው ወደብ ወይም ሩዋን አካባቢ ደቀሉን በክሬን ያወርዱና ደቡብ ሲደርሱ ፖር ሳን ሉዊ ዱ ሮን ላይ መልሰው ያቆሙታል። የወረደው ደቀል ከጀልባዋ ስለሚረዝም በፊትና በኋላ ተርፎ ይወጣል፤ ሎክ ግድግዳ ላይ የሚሰበረው ያ የተረፈው ጫፍ ነው። ገንዘብ ካለዎት በጭነት መኪና አስቀድመው ይላኩት።

ደቀል ማውረድ የማይፈልግ ሰው ሆላንድን ይመልከት። ከደልፍዛይል እስከ ፍሊሲንገን የሚወስድ፣ ድልድዮቹ የሚከፈቱለት የውስጥ መንገድ አለ።

ፈቃድ ያስፈልጋል?

ያስፈልጋል። በአብዛኛው የሚጠየቀው ዓለም አቀፍ የጀልባ ነጂነት ብቃት ማረጋገጫ ነው፤ ሴቭኒ የተባለውን የአውሮፓ የውስጥ ውኃ ደንብ ፈተና ማለፍዎ የተመዘገበበት መሆን አለበት። በፈረንሳይ የውኃ መንገዶቹን ለሚያስተዳድረው ቮዋ ናቪጋብል ደ ፍራንስ የመተላለፊያ ክፍያ ይከፈላል፤ የጀልባዋ የመድን ወረቀትም አይለይዎ።

በየትኛው ወቅት ልሂድ?

ክረምታቸው ላይ ሎኮች ለጥገና በየተራ ስለሚዘጉ መንገዱ ይቆራረጣል። በጋቸው መጨረሻ ላይ ደግሞ ቦዮቹን የሚሞሉት ግድቦች ይጎድላሉ፤ በ2022 እ.ኤ.አ. ድርቅ አንዳንድ ቦዮች ተዘግተው፣ በሌሎቹ ላይ የሚፈቀደው የታች ቁመት ቀንሶ ነበር። ባለጥልቅ ኪል ጀልባ ያለው ሰው የመጀመሪያው ተጎጂ እሱ ስለሆነ የፀደዩ መጨረሻና የበጋው መጀመሪያ ይሻለዋል። ከመነሣትዎ በፊትም በመንገዱ ላይም አስተዳዳሪው መሥሪያ ቤት የሚያወጣቸውን ማስታወቂያዎች ያንብቡ። ካርታው የቆየ ነው፤ ማስታወቂያው የዛሬ ነው።

የጀልባዬን የታች ቁመት ከሻጩ ወረቀት ላይ ልውሰድ?

አይውሰዱ፤ ይለኩ። ወረቀቱ ላይ ያለው ባዶዋ ጀልባ ከፋብሪካ ስትወጣ የነበረው ልክ ነው። ከዚያ ወዲህ ባትሪ ተጨምሮባታል፣ ሁለተኛ መልሕቅ ተጭኖባታል፣ ጓዳዋ በቆርቆሮ ምግብ ተሞልቷል። 10 ሜትር ለምትረዝም ጀልባ ከ180 እስከ 200 ኪሎ የሚጠጋ ጭነት አንድ ሴንቲ ሜትር ያወርዳታል። ከጨው ውኃ ወደ ጣፋጭ ውኃ ስትገባ ደግሞ ሌላ አንድ ሴንቲ ሜትር ገደማ ትሰምጣለች፤ ይህኛውን አንዳንዶች አጋንነው ያወሩታል፣ ያን ያህል አይደለም።

አለካኩ ቀላል ነው። ጀልባዋ ሙሉ ጭነቷን ይዛ ስትንሳፈፍ ውኃው የሚነካትን መስመር በፊትም በኋላም በእርሳስ ያመልክቱ። በክሬን ወጥታ መሬት ላይ በቀጥታ ስትቆም፣ ግንበኞቻችን መሠረት የሚያስተካክሉበትን የውኃ ልክ፣ ማለትም ውኃ የተሞላውን ግልጽ ቱቦ፣ ይውሰዱና ከምልክቱ እስከ ኪሉ ታችኛ ጫፍ ያለውን ይለኩ። መሪውንም ይለኩ፤ የባሰው ቁጥር የእርስዎ ቁጥር ነው።

የጀልባዬ የታች ቁመት 1.70 ሜትር ነው፤ ቦዩ 1.80 ይፈቅዳል። አልፋለሁ?

ከሁሉ ይልቅ የሚጠየቀው ይህ ነው፣ መልሱም ቀጥተኛ አይደለም። 1.80 ፈቃድ እንጂ ዋስትና አይደለም፤ ከዚያ በላይ ከሆኑ መግባት አይችሉም ማለቱ ነው እንጂ ከዚያ በታች ከሆኑ ወለሉ አይነካዎትም ማለቱ አይደለም። 2.20 ሜትር በተባለ ውኃ ላይ 1.70 የሚወርድ ኪል 50 ሴንቲ ሜትር ትርፍ ያለው ይመስላል። እስኪ እንቀንስ። ለዓመታት ሳይጠረግ የቆየ ደለል 30 ሴንቲ ሜትር ቢይዝ፣ በሁለት ሎኮች መካከል ያለው ውኃ 10 ሴንቲ ሜትር ቢጎድል፣ ጀልባዋ ስትሄድ ሌላ 10 ብትወርድ፣ የቀረ የለም።

ስትሄድ የምትወርደው ለምንድን ነው? ጀልባዋ ወደፊት ስትገፋ የሚፈናቀለው ውኃ ወደ ኋላ ማለፍ አለበት። ሰፊ ባሕር ላይ ዙሪያዋን ያልፋል። ጠባብ ቦይ ላይ ግን በሆዷና በወለሉ መካከል፣ በጎኗና በዳርቻው መካከል ተጨናንቆ ይፈጥናል፤ ውኃ ሲፈጥን ላይኛው ገጹ ዝቅ ይላል፣ ጀልባዋም አብራ ዝቅ ትላለች። በተፋጠነች ቁጥር ይብሳል። ምልክቶቹ ግልጽ ናቸው፤ መሪው ይከብዳል፣ ከኋላ የሚከተለው ማዕበል ከፍ ይላል፣ የሞተሩ ድምፅ ይጨምራል፣ ፍጥነቱ ግን ባለበት ይቆማል። መድኃኒቱ ነዳጅ መቀነስ ብቻ ነው። ብዙ ቦዮች ላይ የፍጥነት ገደቡ በሰዓት ከ6 እስከ 8 ኪሎ ሜትር ነው፤ ባለጥልቅ ኪል ሰው ግን ከዚያም በታች እየሄደ ሎክ ጠባቂዎች ቀኑን ሲዘጉ በር ላይ ይደርሳል።

እንግዲህ የእኔ ፍርድ ይህ ነው። እስከ 1.50 ድረስ በፍሬሲኔ ቦይ ላይ በሰላም ይሂዱ። ከ1.50 እስከ 1.65 ድረስ ትዕግሥት ካለዎት ይሞክሩ። ከዚያ በላይ ያለች ጀልባ የምታልፍበት ዓመት አለ፣ የማታልፍበትም አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ይህን የሚያውቁት ከመቶ ሎክ በኋላ መሐል መንገድ ላይ ነው። በጭነት መኪና ማስጫን ውድ ነው እየተባለ ይፈራል፤ ከመሐል መንገድ የተመለሰ ሰው ግን ሁለቱንም፣ የቦዩንም የመኪናውንም፣ ከፍሏል።

ከትልቅ የጭነት ጀልባ ጋር ብገናኝስ?

የቦይ ወለል እንደ ገበታ ሣህን ነው፤ መሐሉ ይጠልቃል፣ ዳርቻው ይሳሳል። ፔኒሽ የሚባለው የጭነት ጀልባ 38.50 ሜትር ይረዝማል፣ 5.05 ይሰፋል፣ መሐሉንም አይለቅም፤ ከለቀቀ እሱም ይቀመጣል። እርስዎ ወደ ቀኝ መጠጋት አለብዎት፣ ቀኙ ግን ለኪልዎ አይበቃም።

ስለዚህ ቀድመው አይሽሹ። ከሩቅ ፍጥነትዎን ይቀንሱ፣ አቅጣጫዎን ይዘው ይጠብቁና ፊቱ ሲቀርብ ብቻ በትንሹ ወደ ቀኝ ያዘንብሉ። መጀመሪያ የሚገፋው ውኃ ያርቅዎታል፣ ቀጥሎ በጎኑ የሚሸሸው ውኃ ወደ እሱ ይስብዎታል፤ ያኔ መሪውን ለማስታዘዝ ትንሽ ጉልበት ለሞተሩ ይስጡ። ካለፈ በኋላ የመጣው ውኃ መልሶ ወደ መሐል ያስገባዎታል።

ማታ ጀልባዬን የት ልሰር?

ሌሎች ጀልባዎች ዛፍ ሥር ቆመው እሳት አንድደው ሲበሉ እርስዎ አይችሉም። ዳርቻው ድንጋይና ደለል ነው። ወደብ ውስጥ፣ ወይም የሎክ መጠበቂያ ግንብ ላይ ለማደር ተፈቅዶልዎ ብቻ ጀልባዎን ይሰሩ፤ ቀኑን ሙሉ ጉዞዎን በዚህ ልክ ያስቡት።

ደለል ላይ ብቀመጥ ምን ላድርግ?

መጀመሪያ ነዳጅ መርገጡን ያቁሙ። ወደፊት በገፉ ቁጥር ኪሉን ይቀብሩታል፣ የሞተሩ ማቀዝቀዣም ጭቃ ይጠጣል። ባሕር ላይ በየቀኑ የሚሞላውና የሚጎድለው ውኃ ያነሣኛል ብሎ መጠበቅ ይቻላል፤ ቦይ ላይ ግን እንዲህ ያለ ሙላትም ጉድለትም የለም። በገቡበት መንገድ፣ በቀስታ፣ ወደ ኋላ ይሞክሩ።

ካልሆነ ጀልባዋን ያጋድሏት። ሰዎቹ ሁሉ ወደ አንድ ጎን ይሂዱ፣ የውኃ ጀሪካኖችም ይከተሉ። 1.80 የሚወርድ ነጠላ ኪል በ20 ዲግሪ ቢያጋድል የታች ቁመቱ በ10 ሴንቲ ሜትር ገደማ ይቀንሳል። 20 ዲግሪ ግን በሰው ክብደት ብቻ አይገኝም፤ ደቀሉ ወርዷልና ከጫፉ ገመድ አስሮ መጎተትም አይቻልም፤ ቢሆንም ሁለት ሦስት ሴንቲ ሜትርም ታላቅ ነገር ነው። ጀልባዎ ግራና ቀኝ ሁለት ኪል ያላት ከሆነች ይህን አያድርጉ፤ ስታጋድል አንዱ ኪል ይበልጥ ይወርዳል።

ሦስተኛው መልሕቅ ነው። በትንሿ ጀልባ ወደ ኋላ፣ ወደ ጥልቁ መሐል ወስደው ይጣሉትና ገመዱን በመጠምጠሚያው ይሳቡ። ይህም እምቢ ካለ ለቅርቡ ሎክ ጠባቂ ይደውሉ፤ ከላይኛው ሎክ ጥቂት ውኃ ለቅቆ እርስዎ ያሉበትን ክፍል ከፍ ማድረግ ይችላል፣ ብዙዎቹም ያለ ቁጣ ያደርጉታል። አላፊ የጭነት ጀልባ እንዲጎትትዎ ግን አይለምኑ፤ የእሱ ጉልበት የጀልባዎን ማሰሪያ ነቅሎ ይሄዳል።

ኪሉን በብየዳ ቆርጬ ባሳጥረውስ?

ይህ ጥያቄ እየቆየ ይመለሳል፤ የሚጠይቁትም ብዙ ጊዜ እጃቸው የተፈታ ባለሙያዎች ናቸው። መቁረጥ ይቻላል፤ ጀልባዋ ግን ከዚያ በኋላ ያቺው ጀልባ አይደለችም። ከታች የነበረው ክብደት ሲቀንስና ወደ ላይ ሲጠጋ ካጋደለች በኋላ የመመለስ ኃይሏ ይወድቃል፤ ቦይ ላይ አይታወቅዎትም፣ ሜዲትራንያን ላይ ነፋስ ሲነሣ ይታወቅዎታል። አንዳንድ ፋብሪካዎች ለአንድ ሞዴል አጭር ኪል ይሠራሉ፤ ያ አጥሮም ከታች በኩል ወፍሮ ክብደቱን እንደጠበቀ በስሌት የተሠራ ነው። እሱን ማስቀየር አንድ ነገር ነው፣ በመጋዝ መቁረጥ ሌላ። ከሁሉ የሚረክሰው ያለችዎትን ሸጦ ኪሏ ወደ ላይ የሚሳብ ጀልባ መግዛት ነው።

ጀልባዬን ወደ ጣና ባመጣትስ? ጎርጎራ ላይ ትንሳፈፋለች?

በዓባይ ሽቅብ መምጣት የሚባል ነገር የለም፤ ጢስ ዓባይ ፏፏቴ ብቻውን ይበቃል። ከጅቡቲ በየብስ ነው የምትመጣው። ትልቋ ጀልባ ጣናነሽ 2 በ2025 እ.ኤ.አ. በዚሁ መንገድ ተጭና ባሕር ዳር ስለገባች ነገሩ የማይቻል አይደለም። ነገር ግን ባለጥልቅ ኪል ጀልባ ሎቤድ ላይ ስትጫን ኪሉም ወደ ከፍታዋ ይደመራል፤ ከ4 ሜትር በላይ ትቆማለች፣ የመብራት ሽቦና ዝቅ ያለ ድልድይ ሁሉ ጉዳይዋ ይሆናል። ከጎንደር በአዘዞ፣ በቆላ ድባና በጯሂት አድርጎ ጎርጎራ ከደረሱ በኋላም ውኃ ውስጥ የሚያስገባ ክሬን ወይም ረጅም ተዳፋት መኖሩን አስቀድመው ማረጋገጥ አለብዎት። ምዝገባና ፈቃዱን በተመለከተ የኢትዮጵያ ማሪታይም ባለሥልጣንን ይጠይቁ።

የሐይቁ መሐል ችግር የለበትም፤ አማካይ ጥልቀቱ 8 ወይም 9 ሜትር፣ ከፍተኛው 14 ሜትር ገደማ ነው። ችግሩ ዳሩ ነው። የደምቢያ ሜዳ በጣም ቀስ እያለ ነው ወደ ውኃው የሚገባው፤ የመገጭ ወንዝም በየክረምቱ ደለሉን ያመጣል። ከሁሉ በላይ ውኃው ራሱ ይወጣል ይወርዳል፤ መስከረምና ጥቅምት ላይ ይሞላል፣ ግንቦትና ሰኔ ላይ ይጎድላል፣ ልዩነቱም በተለመደ ዓመት 1.60 ሜትር ገደማ ነው። በመስቀል ሰሞን 3 ሜትር ውኃ ላይ መልሕቅ የጣለች 1.80 የምትወርድ ጀልባ ግንቦት ላይ ጭቃ ላይ ተቀምጣ ትገኛለች። በ1995 ዓ.ም. ሐይቁ እጅግ ጎድሎ የመርከብ ጉዞ ለወራት ተቋርጦ እንደነበር አይርሱ። በ2002 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የጣና በለስ ኃይል ማመንጫም ውኃ የሚወስደው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ ስለዚህ የጣና ከፍታ የዝናብ ጉዳይ ብቻ አይደለም።

ታዲያ ለጎርጎራ ምን ዓይነት የሸራ ጀልባ ይሻላል?

ከግማሽ ሜትር እስከ 1 ሜትር ብቻ የምትወርድ፣ ኪሏ የሚሳብ ወይም ሁለት አጫጭር ኪሎች ያሏት። ባለሁለት ኪሏ ጀልባ ጭቃ ላይ ብትቀር እንኳ ሳትወድቅ ቆማ ትጠብቃለች። የኪሏ መሳቢያ ገመድ ግን በየጊዜው ይታይ፤ ደለል የገባበት የኪል ማስገቢያ ወርዶ አልመለስ ይላል። የደንገል ታንኳ ባለቤቶች ከዚህ ሁሉ ነፃ ናቸው፤ የእነሱ ታንኳ ጉልበት በማይሞላ ውኃ ላይ ትሄዳለች። ሲጨልም ግን እነሱን ማየት ከባድ ስለሆነ በሸራም ሆነ በሞተር ማታ ዳር ዳሩን አይሂዱ።

ሞተሩ ላይ ሁለት ነገር ያስቡ። በሰሜንና በምሥራቅ ዳርቻ እምቦጭ አለ፤ ፕሮፔለሩ ላይ ይጠመጠማል፣ የማቀዝቀዣውን ውኃ መግቢያም ይደፍናል፤ በውጭ በኩል ማጣሪያ ያድርጉለት፣ ከውስጥም ያለ መፍቻ የሚከፈት ይሁን። ሁለተኛ፣ ጣና ከባሕር ወለል በላይ 1,785 ሜትር ገደማ ላይ ነው፤ አየሩ ከባሕር ዳርቻው አየር በስድስት እጅ አንዱን ያህል ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ናፍጣ ሞተር ጉልበቱ በዚያው ልክ ይቀንሳል፣ በተመሳሳይ ፍጥነት የሚነፍሰው ነፋስም ሸራውን የሚገፋው በዚያው ልክ አንሶ ነው። ስለዚህ ሞተሩን አንድ ደረጃ ከፍ አድርገው ይምረጡ፤ ሸራውን ግን ባለበት ይተዉት፣ ከሰዓት በኋላ የሚነሣው የጣና ነፋስ አየሩ ሳስቷል ብሎ አያዝንልዎትምና።